ርካሽ የከተማ ብስክሌት ሲገዙ፦ ከሾኩ በፊት ቸርኬውን ይዩ

በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ዋጋ፣ ሁለት አዳዲስ ብስክሌቶች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። አንዱ ከፊትም ከኋላም ሾክ አለው፣ ዲስክ ፍሬን ተገጥሞለታል፣ ፍሬሙ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው። ሌላው ሾክ የለውም፣ ፍሬኑ ቸርኬውን በሸራ ቆንጥጦ የሚይዘው ዓይነት ነው፣ ሲያዩትም ደረቅ ያለ ነው። አብዛኛው ገዢ ዓይኑ የሚያርፈው በመጀመሪያው ላይ ነው። ሥራ ደርሶ ለመመለስ፣ ገበያ ብቅ ለማለት ወይም እሑድ ጠዋት ወጣ ለማለት ለሚፈልግ ሰው ግን የሚያዋጣው ሁለተኛው ነው።

ምክንያቱ የፋብሪካው ሒሳብ ነው። ርካሽ ብስክሌት የሚሠራ ፋብሪካ ያለው ገንዘብ የተወሰነ ነው። ለሾክና ለዲስክ ያወጣውን የሚቀንሰው ገዢው ከማያየው ቦታ ነው፦ ከቸርኬው፣ ከኩሽኔታው፣ ከሽቦው፣ ከፔዳሉ ዘንግ። በዚህ ዋጋ የሚገኝ የኋላ ሾክ መንገዱን ከማለስለስ ይልቅ ፔዳል በረገጡ ቁጥር ወደ ታች እየሰመጠ የእግርዎን ጉልበት ይበላል። ብስክሌቱንም ከ17 እስከ 19 ኪሎ ያደርሰዋል። ማያያዣ ብሎኖቹ ሲበሉ ደግሞ የኋላው ጎማ ግራና ቀኝ መወላገድ ይጀምራል፤ ያንን ዕቃ ለይቶ የሚሸጥ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ርካሽ ዲስክ ፍሬንም በራሱ መጥፎ ሐሳብ ባይሆንም ሸራው እንደየሞዴሉ ቅርጹ ይለያያል፣ ዲስኩ ትንሽ ከተጣመመ ሲነዱ ሁሉ ይፍቃል። የቸርኬ ፍሬን ሸራ ግን የብስክሌት ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ አለ፣ ለመቀየርም አንድ ብሩጎላ ወይም የ10 ቁልፍ ይበቃል።

እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ይህ ዕቃ ሲበላሽ ሰፈሬ ያለው ብስክሌት ሠሪ በእጁ ባለው መሣሪያና መለዋወጫ ይጠግነዋል ወይ?

መንገድዎ ሜዳ ነው ዳገት?

ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ለሚኖር ሰው ማርሽ የሌለው ብስክሌት በቂ ነው። ከተሞቹ ሜዳ ናቸው፣ ብስክሌትም የቆየ ልማዳቸው ነው። ማርሽ የሌለው ብስክሌት የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት ነው፤ ካቴናው ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይበላም፣ የሚስተካከል የማርሽ ካቦ የለውም።

አዲስ አበባ ሌላ ነገር ናት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ዳገቱ አለ። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት በብስክሌት የወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ማርሽ ሳይሆን አንድ በቂ ቀላል ማርሽ ነው፣ እሱንም ሱቅ ውስጥ ቆመው መቁጠር ይችላሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፊት፣ ፔዳሉ ጋ ካሉት ባለ ጥርስ ክቦች ትንሹን፣ ኋላ ካሉት ደግሞ ትልቁን ወስደው ጥርሳቸውን ይቁጠሩ። የፊቱን ቁጥር ለኋላው ያካፍሉ፣ ውጤቱን በጎማው ዙሪያ ያባዙ። የባለ 26 ጎማ ዙሪያ 2.05 ሜትር ገደማ ነው። ፊት 42 ኋላ 28 ጥርስ ቢሆን 1.5 ይመጣል፤ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 3.1 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ለአዲስ አበባ ዳገት ይህ ከባድ ነው። ፊት 24 ኋላ 28 ሲሆን ግን 1.75 ሜትር ይሆናል፤ በዚህ ብዙም ስፖርት የማይሠራ ሰው ተቀምጦ ይወጣል። ማርሽ የሌለው ባለ 28 ብስክሌት ፊት 44 ኋላ 18 ጥርስ ቢኖረው በአንድ ዙር 5.4 ሜትር ያስኬዳል፤ ሜዳ ላይ ግሩም፣ ዳገት ላይ ወርዶ መግፋት ነው። ከ2 ሜትር በታች የሚሰጥ አንድ ማርሽ ካለው ጠቅላላው 18 ሆነ 21 ለውጥ የለውም፣ ግማሹ እርስ በርሱ ይደራረባል።

ኋላው ላይ 34 ጥርስ ያለው ትልቅ ክብ ካዩ ደግሞ ፊቱ አንድ ክብ ብቻ ቢሆንም ሊበቃ ይችላል፤ ፊቱ 36 ከሆነ 2.2 ሜትር ገደማ ይመጣል። «ሺማኖ» የሚለው የማርሽ አምራች ስም ግን አያታልልዎ። ብዙ ጊዜ ያ ስም ያለው የኋላው ማርሽ ቀያሪ ላይ ብቻ ነው፣ የቀረው ሁሉ ስም የለሽ ነው።

የጎማው ቁጥር

ገዢዎች በብዛት የሚወድቁበት ወጥመድ እዚህ ጋ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

«ባለ 26» ማለት አንድ ልክ ማለት አይደለም። በጎማው ጎን ላይ ከላስቲኩ ጋር አብረው የወጡ ሁለት ቁጥሮችን ይፈልጉ፤ በሰረዝ የተያያዙ ናቸው፣ ለምሳሌ 50-559። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ዲያሜትር። ጎማ ከቸርኬ ጋር መግጠም አለመግጠሙን የሚወስነው ሁለተኛው ቁጥር ነው።

26 × 1.95 ወይም 26 × 2.125 ተብሎ የተጻፈው የማውንቴን ብስክሌት ጎማ 559 ነው። 26 × 1 3/8 የሚለው ግን 590 ነው፤ የ31 ሚሊ ሜትር ልዩነት አለው፣ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ በምንም ተአምር አይገባም። ቀላሉ መለያ ይህ ነው፦ ስፋቱ በነጥብ የተጻፈ ጎማና በክፍልፋይ የተጻፈ ጎማ አይለዋወጡም። 26 × 1.75 እና 26 × 1 3/4 በሒሳብ እኩል ቢመስሉም የተለያዩ ቸርኬዎች ናቸው፣ የመጀመሪያው 559፣ ሁለተኛው 571።

ባለ 28 የሚባለውም ሁለት መልክ አለው። የድሮው ባለ ብረት ዘንግ ፍሬን፣ ከቻይናና ከህንድ የሚመጣው ጥቁር ብስክሌት፣ 28 × 1 1/2 ሲሆን ቁጥሩ 635 ነው። አዲሶቹ የከተማ ብስክሌቶች 622 ናቸው፤ ባለ 29 እና 700 የሚባሉትም በዚሁ ቁጥር ላይ ይቀመጣሉ። ባለ 27.5 የሚባለው 584 ነው።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ከጃፓን የመጣ ያገለገለ ብስክሌት፣ ከፊቱ ቅርጫት ያለው፣ ካቴናው የተሸፈነ፣ በጣም ጥሩ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ጎማው ግን በአብዛኛው 37-590 ነው። ጎማው ሲያልቅ ያ ልክ በአካባቢዎ ከሌለ ብስክሌቱ ቆመ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ከመግዛትዎ በፊት ቁጥሩን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ወደ ጎማ ሻጩ ይሂዱ። ካለ ይግዙ፤ ሁለት ጎማና ሁለት ካላማዳሪ ትርፍ ቢይዙ ደግሞ ይመረጣል። ከሌለ ይለፉት፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ። 559 ግን ለብዙ ዓመታት የማውንቴን ብስክሌት ሁሉ ልክ ስለነበር ጎማውም ካላማዳሪውም ሰፊ ገበያ አለው። ለርካሽ ብስክሌት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የካላማዳሪው መንፊያ ጫፍም ሦስት ዓይነት ነው። ከመኪና ጋር አንድ የሆነው ወፍራሙ፣ ቀጭኑ ጫፉ የሚፈታው፣ እና ሦስተኛው በጃፓንና በሆላንድ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው፣ ታች ወፍራም ላይ ቀጭን የሆነው። ጎሚስታ ቤት ያለው መንፊያ የሚስማማው ለመጀመሪያው ነው። ቸርኬው ላይ ያለው ቀዳዳ 8.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ካላማዳሪውን በመኪና ዓይነቱ መተካት ይቻላል። ቀዳዳው 6.5 ከሆነ የገባው ቀጭኑ ነው፤ ጠባብ ቸርኬን መብሳት ስለሚያዳክመው ያለውን ጫፍ ይዘው የሚገጥመውን ትንሽ ማቀያየሪያ መግዛት ይሻላል።

ስፋቱን በተመለከተ ከ1.75 እስከ 2.1 ያለው ለኮብልስቶንም ለተቆራረጠ አስፋልትም ይሆናል። ጥርሱ ጎልቶ የወጣ የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ይጎትታልም። መሀሉ ለስላሳ፣ ጎኑ ትንሽ ጥርስ ያለው ይፈልጉ።

ቸርኬና ፍሬን

ትንሽ ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ የድምፅ ማጉያ ስባሪም ይሆናል። ቸርኬው ላይ ያስጠጉት። ከያዘ ብረት ነው፣ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው። የኒኬል ቅብ ብረት ቸርኬ ሲያዩት ያምራል፤ ዝናብ ሲነካው ግን የፍሬን ሸራው ይንሸራተትበታል፣ ብስክሌቱ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በብዙ እጥፍ ይረዝማል። ሰኔ ከገባ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ይህን ሊንቀው አይገባም። ከሾክ፣ ከማርሽ፣ ከስም በፊት አሉሚኒየም ቸርኬ ይጠይቁ።

ፍሬኑን ሲፈትሹ እጀታውን እስከ መጨረሻው ይጭመቁት። ከመሪው ጋር ከተገናኘ ካቦው ላልቷል ወይም ሸራው አልቋል። በእጀታውና በመሪው መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መቅረት አለበት። ቀጥሎ ሸራው የሚያርፍበትን ቦታ ጎንበስ ብለው ይዩ፦ ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ላይ ነው ማረፍ ያለበት። ጫፉ ጎማውን የሚነካ ከሆነ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጎማውን በጎኑ ይቆርጠዋል። ዝቅ ብሎ ከቸርኬው ሥር ወደ ሽቦው የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ ባልጠበቁት ሰዓት ሽቦው ውስጥ ገብቶ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። ሁለቱም በአንድ ቁልፍ የሚስተካከሉ ስለሆኑ ብስክሌቱን ለመተው ምክንያት አይሆኑም፣ ሻጩ እዚያው እንዲያስተካክል ግን ይጠይቁ። የትኛው እጀታ የፊቱን እንደሚይዝም ይወቁ፤ ብስክሌት ከብስክሌት ይለያያል፣ ብስክሌትን በዋናነት የሚያቆመው ደግሞ የፊቱ ነው።

ልኩ

የትልቅ ሰው ብስክሌት ሁሉ ለትልቅ ሰው ሁሉ አይሆንም። የማውንቴን ዓይነት ፍሬም ሲሆን ቁመቱ 1.60 ሜትር አካባቢ ለሆነ ሰው 15 ወይም 16 ኢንች፣ ለ1.70 ከ17 እስከ 18፣ ለ1.80 ከ19 እስከ 20 ኢንች ይጠጋል። ቁጥሩ ከሌለ በራስዎ ይለኩ፦ ከኮርቻው ፊት ወርደው ፍሬሙን በሁለት እግርዎ መካከል አድርገው ሲቆሙ ከላይኛው ቱቦ በላይ ቢያንስ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ቀሚስ ወይም ነጠላ ለሚለብሱ የላይኛው ቱቦ ዝቅ ያለና ካቴናው ሽፋን ያለው ዓይነት የተሻለ ነው፤ ነጠላ ካቴና ውስጥ ሲገባ ጨርቁ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፣ ጎማው ባለበት ይቆማል።

ለኮርቻው ከፍታ ሁለት መንገድ አለ። ቶሎ የሚሆነው፣ ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ ጉልበትዎ ቀጥ እንዲል ማድረግ ነው። በትክክል መለካት የሚፈልግ ያለ ጫማ ከብልት ሥር እስከ መሬት ያለውን ለክቶ በ0.88 ያባዛው። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70 ገደማ ይመጣል፤ ይህ ሁለቱ የፔዳል ክንዶች ከሚዞሩበት ዘንግ መሀል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። ብዙ ሰው ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ እየነዳ ጉልበቱን ያማርራል። የኮርቻው ቱቦ ላይ የተቀረጸ መስመር አለ፤ ከዚያ በላይ ማውጣት ቱቦውን ወይም ፍሬሙን ይሰብራል። ከፍታው ካልደረሰ ፍሬሙ ለእርስዎ ትንሽ ነው።

ያገለገለ ሲሆን፣ በእጅ የሚደረግ ፍተሻ

በተመሳሳይ ገንዘብ ጥሩ ያገለገለ ብስክሌት ከርካሽ አዲስ ይበልጣል፣ መመርመር ለሚችል ሰው። ምርመራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ከፍሬሙ ይጀምሩ። ሁለቱ ቱቦዎች ከመሪው ሥር የሚገናኙበትን ቦታ፣ በተለይ የታችኛውን ቱቦ የሥር ገጽ በጣትዎ ይዳስሱ። እዚያ ላይ ቀለሙ እንደ ቆዳ ከተጨማደደ ወይም ትንሽ ካበጠ ብስክሌቱ ከፊቱ ተጋጭቷል፣ ብረቱም ታጥፏል። በብየዳው ዙሪያ ፀጉር መሰል መስመር ካዩ በጥፍርዎ ይሞክሩት፤ ጥፍር ከያዘ ስንጥቅ ነው። ፍሬሙ ሙሉ በሙሉ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ዕቃዎቹ ያረጁ ከሆኑ ቀለሙ ምን እንደሸፈነ ይጠይቁ። ተሰብሮ የተበየደ የብረት ፍሬም እንደ ቦታው ይታያል፤ ተሰብሮ የተበየደ አሉሚኒየም ፍሬም ግን አይግዙ።

ቀጥሎ ብስክሌቱን ገልብጠው ጎማውን ያሽከርክሩ። ቸርኬው በሁለቱ የፍሬን ሸራዎች መካከል ሲያልፍ ክፍተቱን ይመልከቱ። ግራና ቀኝ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ቢወዛወዝ ሽቦ በማጥበቅ ይቃናል። ወደ ላይና ወደ ታች ከዘለለ ግን ጉድጓድ ላይ ተመትቶ የተደፈጠጠ ቸርኬ ነው፤ ያ አይቃናም። ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉ። አንዱ ከሌላው በጣም የላላ መሆን የለበትም፤ የጎደለ ሽቦ ካለ ጎረቤቶቹም ብዙ አይቆዩም።

አሁን ቸርኬውን በእጅዎ ይዘው ወደ ጎን ገፋ ያድርጉት። ሞዞው ጋ፣ ማለትም ሽቦዎቹ በሚነሱበት የጎማው መሀል፣ «ቋ ቋ» የሚል ከሆነ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም ተበልቷል። ከዚያ ጎማውን አውልቀው ዘንጉን በጣትዎ ቀስ ብለው ያዙሩ። ላልቶ ከሆነ ያለ ችግር ይዞራል፣ ማጥበቅ ይበቃዋል። አሸዋ ያለበት ይመስል ከተንኳኳ ግን ብዮቹና የሚቀመጡበት ጽዋ ተጎድተዋል። የኋላውን ጎማ ሲያሽከረክሩ ዘንጉ ራሱ የሚጫወት ከመሰለዎ ተጣሟል ማለት ነው። ይህ በርካሽ ባለ ሰባት ማርሽ ብስክሌት ላይ የተለመደ ነው፤ የኋላ ማርሽ ጥርሶቹ በሞዞው ላይ እንደ ብሎን ተጠምዝዘው ስለሚገቡ በቀኝ በኩል ያለው ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ይርቃል፣ ዘንጉም ከዚያ ወዲያ ድጋፍ አጥቶ ይቀራል። ከባድ ሰው ወይም ከባድ ጭነት ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ የሚታጠፈው እዚያ ጋ ነው። ዘንግ መቀየር ውድ አይደለም፤ ዋጋ ለመቀነስ ግን ጥሩ ነጥብ ነው።

ብስክሌቱን ያቁሙት። የፊት ፍሬኑን ጨምቀው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት፤ መሪው ሥር ንቅናቄ ከተሰማዎ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። የፔዳሉን ክንድ ይዘው ወደ ፍሬሙና ከፍሬሙ ውጭ ይጎትቱት። ሁለቱም ክንዶች አብረው ከተንቀሳቀሱ የመሀሉ ኩሽኔታ ነው። አንዱ ብቻ፣ ብዙ ጊዜ የግራው፣ ከተንቀሳቀሰ ግን ክንዱ ከዘንጉ ላይ ላልቷል፤ እንደላላ ከተነዳ ለስላሳው አሉሚኒየም በካሬው ዘንግ ተበልቶ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ ማጥበቅ አይረዳም፣ መቀየር ብቻ።

ካቴናውን ለመለካት ተራ ማስመሪያ ይበቃል። ከአንድ ፒን መሀል ጀምረው፣ እሱን ሳይጨምሩ፣ 24 ፒን ይቁጠሩ፤ አዲስ ሲሆን ርቀቱ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 307 ከደረሰ ካቴናው መቀየር አለበት። ከ308 ካለፈ የኋላውን ጥርስ አብሮ በልቶታል፤ አዲስ ካቴና ብቻ ቢያስገቡ ዳገት ላይ ሲረግጡ ይዘልብዎታል። ሁለቱም ተደምረው ምን ያህል እንደሚያስወጡ አስቀድመው ይጠይቁና ከዋጋው ይቀንሱ።

በመጨረሻ የኮርቻውን ቱቦና መሪውን ብሎናቸውን ፈትተው ከፍና ዝቅ ያድርጓቸው። ዝገት ይዟቸው የማይንቀሳቀሱ ከሆነ ብስክሌቱ ባለበት ከፍታ ለእርስዎ ካልሆነ መቼም አይሆንም።

ከዚያ ይንዱት፣ ዳገት ባለበት። ሜዳ ላይ ሁሉም ብስክሌት ደህና ነው። ቆመው ሲረግጡ ካቴና ይዘላል? መሪውን ለቀቅ ሲያደርጉ ወደ አንድ ጎን ይስባል? ቁልቁል ሲወርዱ ይንቀጠቀጣል?

አዲስ ሲሆን የሚያጋጥመው

አዲስ ርካሽ ብስክሌት በካርቶን ታሽጎ መጥቶ በችኮላ የሚገጣጠም ነው፣ ስህተቱም ከዚያ ይመጣል። አንደኛው የፊት ሹካው ወደ ኋላ ዞሮ መገጠሙ ነው። የፊት ፍሬኑ ከሹካው በስተኋላ፣ ወደ ፔዳሉ በኩል ከሆነ ሹካው ተገልብጧል፤ መሪው ይንቀዠቀዣል፣ ጫማዎም ከፊት ጎማው ጋር ይጋጫል። ሁለተኛው የግራ ፔዳል ነው። የሚጠመዘዝበት ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን ሳያስተውል በኃይል ያጠበቀ ሰው የክንዱን ጥርስ ይልጠዋል፣ ፔዳሉም ከሳምንታት በኋላ በእግርዎ ሥር ይወልቃል። ፔዳሉ ከክንዱ ጋር ቀጥ ብሎ ካልገባ አይቀበሉ።

ሦስተኛው ግራሶ ነው። የብዙ ርካሽ ብስክሌት ሞዞ ከፋብሪካ ሲወጣ ግራሶው በጣም ትንሽ ነው፣ ዳዶውም ከመጠን በላይ ጠብቋል። ገና እንደገዙ ለብስክሌት ሠሪ ትንሽ ከፍለው ሁለቱን ሞዞዎች አስከፍተው ግራሶ ያስሞሉ፣ ዳዶውን ያላሉ፣ ሽቦዎቹንም አብረው ያስጠብቁ። የዚህች ሥራ ጥቅም ከሾክ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ገንዘቡና ወረቀቱ

በእጅዎ ያለውን ሁሉ ለብስክሌቱ አይስጡ። ከአምስት አንድ እጁን፣ ያገለገለ ከሆነ ከአራት አንዱን ያስቀምጡ፤ ለቁልፍ፣ ለእጅ ፖምፓ፣ ለመብራት፣ ለራስ ቁር፣ ለአንድ ትርፍ ካላማዳሪና ለፍሬን ሸራ ይሆናል። ክረምት ሳይገባ ፓራፋንጎ ይጨምሩ፣ ካልሆነ የጎማው ጭቃ ጀርባዎ ላይ ይጻፋል።

ከግለሰብ ሲገዙ ብስክሌቱን ገልብጠው ፔዳሉ ካለበት ቱቦ ሥር የተቀረጸውን ቁጥር ይዩ። የተፋቀ ከሆነ ይተዉት። ካለ ቁጥሩን አስገብተው በወረቀት የሽያጭ ውል ይጻፉ፣ የሻጩን መታወቂያ ኮፒ ይያዙ፣ ሁለት ምስክር ያስፈርሙ። ደላላ ካለ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል ከዋጋ ድርድሩ በፊት ይጨርሱ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ካቦ ይለጠጣል፣ ሽቦ ይላላል፣ የፔዳል ክንድ ብሎን ይላላል። ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ከነዱ በኋላ የክንዱን ብሎን እንደገና ያጥብቁ፤ ከላይ ያልነው የግራ ክንድ መበላት የሚጀምረው ይህ ሲረሳ ነው።

ለ26 × 1.95 ጎማና 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ፣ በባር ከ2.8 እስከ 3.5 ገደማ ይሆናል። ከዚያ ዝቅ ሲል ካላማዳሪው በጉድጓድ ጠርዝና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ሁለት ቀዳዳ ካዩ ሚስማር አይፈልጉ፣ ንፋሱ አንሶ ነው። ጎሚስታ ጋ በኮምፕረሰር ሲያስነፉ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ያ ማሽን ለጭነት መኪና የተዘጋጀ ነው፣ የብስክሌት ካላማዳሪን በአንድ ሁለት ሰከንድ ያፈነዳዋል። ነካ ነካ እያደረገ እንዲሞላ፣ በመሀልም በመለኪያ እንዲያይ ይንገሩት።

ካቴናውን በተቃጠለ የሞተር ዘይት አይቀቡ፤ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ካቴናውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ግራሶም ላዩ ላይ አይሆንም፣ አቧራ ይሰበስባል። በጨርቅ ጠርገው እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ አንዳንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ያድርጉ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ጥቂት ያሽከርክሩና የተረፈውን ይጥረጉ። ካቴናው በጣት ሲነካ ደረቅ መምሰል አለበት።

ቁልፍ ሲመርጡ ቀጭኑን ገመድ አይውሰዱ፣ በፒንሳ ይቆረጣል። ሰንሰለት ከሆነ ከኋላ ጎማውና ከፍሬሙ ጋር አብሮ ከማይነቀል ምሰሶ ጋር ይታሰር። የፊት ጎማዎ በእጅ በሚከፈት ማንሻ የሚፈታ ከሆነ ማንሻውን አስወጥተው በተራ ዳዶ ያስቀይሩት። ካልሆነ ተመልሰው ሲመጡ የሚያገኙት የታሰረውን ግማሽ ብቻ ሊሆን ይችላል።